የመቶ ሠላሳ ዓመቷ መነኵሲትና የልጄ ሰባት ቤት

እህቶቼ፣ የቡልጋ የማርያም ጽዋ ማኅበርተኞቼ፤ ጽዋው በእኔ ተራ ሲደርስ ስሜን እየጠራችሁ እንደምታነሡልኝ ሰምቼ አልቅሻለሁ። ደሴ ከገባሁ ወዲህ የምጽፍላችሁ ስለ እህል መወደድና ስለ ልጆች ጤና ብቻ ነበር። አሁን ግን መቐለ ደርሼ መጥቻለሁ። ከእናንተ ማንም ያን አገር አያየው ይሆናል ብዬ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እጽፍላችኋለሁ። ደግሞም የሰማሁት ነገር ለራሴ አልገባኝምና ከእናንተ አንዷ ትረዳልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ነገሩ የአስካለ ጋብቻ ነው። ልጄን መምህር ኪሮስ የሚባል፣ እዚሁ ደሴ የሚያስተምር የመቐለ ልጅ ጠየቃት። ቆራቢ ነው፣ አንገቱን የደፋ ነው። እሷም ወድዳዋለች፤ አፍ አውጥታ ባትነግረኝም ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ስትጨምርበት አውቄያለሁ። ባለቤቴ ግን እንደምታውቁት የአባቱ ወገን ከእንደርታ የወረደ ነው፤ ሽማግሌዎች ዘር ሲቆጥሩ ሁለቱም ልጆች አያ ወልዱ በሚባል አንድ የድሮ ሰው ላይ ተገናኙ። በእኛ በኩል ሰባት ቤት ይሞላል። በኪሮስ በኩል ግን እሱ ራሱ፣ አባቱ፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ፣ ከዚያ አንዲት መነኵሲት፣ ከዚያ አያ ወልዱ፤ ስድስት ሆነ። ስድስት ከሆነ እህትና ወንድም ናቸው፤ ተክሊል የለም። ኪሮስ «በመነኵሲቷና በአያ ወልዱ መካከል አንዲት ሴት ያለች ይመስለኛል፤ አባቴ ሲያወራ ሰምቻለሁ» አለ። ስሟን ግን አያውቅም፤ አባቱም ገና ልጅ ሳለ ሞቶበታል።

የሚያስደንቀው መነኵሲቷ በሕይወት መኖራቸው ነው! መቶ ሠላሳ ዓመታቸው ነው፣ የአያ ወልዱም ልጅ ነኝ ይላሉ ተባለ። የንስሐ አባቴ «እንግዲያው ከአፋቸው ይሰማ» አሉ። ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አጣ። አባ ወደኔ ዞር ብለው «አንቺ ሂጂ፤ ብትዋሺ በማግስቱ መጥተሽ እንደምትናዘዢ አውቃለሁ። የሰማሽውን ብቻ አምጪ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» አሉኝ።

ረቡዕ

የባለቤቴ ወዳጅ አቶ ሰይድ በርበሬና ጨርቅ ጭኖ ደሴና መቐለ የሚመላለስ የወሎ እስላም ነው፤ ለእሱ አደራ ተሰጠሁ። ካሚዮኑ ላይ ከሾፌሩ ጎን እንድቀመጥ ለመነኝ፤ ከማላውቀው ወንድ ጋር ትከሻ ለትከሻ ከምሄድ ብዬ ከኋላ በበርበሬው ጆንያ ላይ ወጣሁ። እህቶቼ፣ ይህን ስሕተት አትሥሩ። ውጫሌ ሳንደርስ ከማስነጠሴ የተነሣ ዳዊቴን መድገም አቃተኝ። ሰይድ ከታች ሆኖ «እትዬ፣ በርበሬው አንቺን ሳይሆን አንቺ በርበሬውን ልትጨርሺው ነው፤ ውረጂልኝ» እያለ ይስቃል።

ቆቦ ስንደርስ ስንቄን ብፈታ የላምባ ቆርቆሮ አንጠባጥቦበት በሶውም ዳቦ ቆሎውም ላምባ ላምባ ይሸታል። የሰይድ አክስት ቤት አደርን። አሮጊቷ ረቡዕ መሆኑን ሳልነግራቸው አውቀው፣ ሥጋ ያልነካው ድስት ከጎረቤት አስመጥተው ሽሮ ሠሩልኝ። እንጀራው የማሽላ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር፤ እንደ ቡልጋ ጤፍ ሊያጠቀልሉት ቢፈልጉ እጅ ላይ ይበተናል። በእጄ መዳፍ እያፈስኩ በላሁት፤ ጣፈጠኝ። እስላም ቤት መብላቴን አባ ሲሰሙ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ፤ ኋላ ብነግራቸው «ድስቱን ከጎረቤት ያስመጣችልሽ ሴት ካንቺ ይልቅ ጾማለች» አሉኝ።

ሐሙስ

ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያስወጣውን መንገድ ጣሊያን ነው የሠራው፤ እባብ ገደል ሲወጣ እንደሚጠማዘዝ ነው። በእያንዳንዱ መታጠፊያ «ኪዳነ ምሕረት!» እላለሁ፣ ሰይድ «ያ አላህ!» ይላል፣ ሾፌሩ ያፏጫል። አጋማሽ ላይ ጎማው ፈነዳ። ጎማውን እስኪቀይሩ ድረስ እኔ ድንጋይ ከበስተኋላ እንዳስደግፍ ታዘዝኩ፤ ቡልጋ ሳለሁ በቅሎ እንኳ ይዤ አላውቅም፣ እዚህ ካሚዮን ያዥ ሆንኩ።

ኮረም ላይ ብርዱ የእኛን አገር ብርድ ሆነና አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ ጋቢውን ጠቅልዬ አለቀስኩ። ማይጨው ሜዳ ስንደርስ ሾፌሩ ማፏጨቱን ተወ። ታላቅ ወንድሜ እዚያ እንደቀረ ታውቃላችሁ፤ በየትኛው በኩል እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም፤ ለሜዳው በሙሉ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ያን ቀን ማይጨው ጠላ ቤት ውስጥ መደብ ላይ አደርን። ባለቤቲቱ የራሷን አጎዛ ከልጆቿ ሥር ስባ ለእኔ አነጠፈችው፤ እምቢ ብላት ተቆጣች።

ዓርብ

አላጌን ወጥተን ወርደን ኲሓ ስንደርስ የጨው ግመሎች መንገዱን ሞልተውታል። መቐለ በጉድጓድ ሜዳ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ቤቱ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ጣሪያውም አፈር፤ ለእኔ ለሣር ክዳን ሰው ሁሉም ቤት ገና ክዳኑ ያልደረሰለት ይመስለኛል።

የኪሮስ አክስት፣ የአባቱ እህት፣ ወይዘሮ ለምለም ትባላለች፤ ቤቷ በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ነው። መነኵሲቷንም የምትጦራቸው እሷ ናት። በሯ ላይ ሆና «ሓፍተይ፣ እንቋዕ ደሓን መጻእኺ!» ብላ ሦስቴ ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ሓፍተይ ማለት እህቴ፣ የቀረውም እንኳን ደኅና መጣሽ ማለት ነው። እግሬን አጥባ ሳመችው። ከዚያ ገበታ ቀረበ። በመካከሉ ነጭ፣ አረፋ የሚመስል፣ እንደ እርጎ የተመታ ነገር አለ። ዓርብ ቀን! እጄን ሰበሰብኩ።

«ብይ እንጂ።»

«ጠግቤያለሁ፣ እቴ።»

«ከደሴ እዚህ ድረስ ምን በልተሽ ጠገብሽ? አቧራ?»

ሰይድ ነገሩ ገብቶት መሬት እስኪመታ ሳቀ። «ለምለም፣ እርጎ መስሏት ነው! ዓርብ ልታስገድፊኝ ነው ብላ!» ለምለምም «ወይ ጉድ! ሕልበት ነው፤ አብሽና ባቄላ ነው፤ ላም አላየውም» ብላ በእጇ አጎረሰችኝ። እውነትም የጾም ነው። አሠራሩን ጠይቄያለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ዱቄቱን እልክላችኋለሁ።

የመጣሁበትን ነገር ለምለም ከኪሮስ ሰምታለች። «ስድስት ይሁን ሰባት ኣደይ መነኵሲት ይነግሩሻል፤ የልጄ ሠርግ ለእኔም ሠርጌ ነው» አለች፤ ኣደይ ማለት እናቴ ማለት ነው። ቀጥላ ግን ጣቷን አንሥታ «ዕድሜያቸውን ግን እንዳትነኪብን። ይህ ቤት እንዳ መነኵሲት፣ የመነኵሲት ቤት፣ የሚባለው በሳቸው ነው። በከተማው ድግስ ሁሉ እኔን ከፊት የሚያስቀምጡኝ በሳቸው ነው» አለችኝ።

ቅዳሜ

መነኵሲቷ በእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ጥግ በአንዲት የድንጋይ ጎጆ ይኖራሉ። ስገባ መጀመሪያ ሰው አላየሁም፤ መደቡ ላይ የተጣጠፈ ነጠላ ያለ መሰለኝ፤ ነጠላው ሳል ሳለ። ዓይናቸው ደፍርሷል፤ እጃቸው ግን እንደ ሕፃን እጅ ለስላሳ ነው። ባላቸው የወሎ ወታደር ነበሩና አማርኛ ያውቃሉ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ከየት ነሽ?»

«ከደሴ፣ እማሆይ። አገሬስ ቡልጋ ነው።»

«ቡልጋ ሩቅ ነው። አልሄድኩበትም። ዕድሜ አልበቃኝም።»

ለምለም አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ልስቅ አማረኝ፤ ግን እሳቸው አልሳቁም።

ስለ ትውልዳቸው ጠየቅኋቸው። «የአያ ወልዱ ልጅ ነኝ» አሉ ወዲያው። አስካለ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። እሳቸው ግን አንዴ ከጀመሩ አያቆሙም። የንጉሡ ግቢ ሲሠራ ለግንበኞች ውኃ ተሸክመው ያመላልሱ ነበር፤ ያኔ የመጨረሻ ልጃቸውን አርግዘው ነበርና እንሥራው በሆዳቸው ላይ ያርፍ ነበር፤ ግንበኞቹ «ባለ ሁለት እንሥራዋ» ይሏቸው ነበር። ከዚያ ደግሞ ክፉ ቀን ሲገባ፣ ከብቱ ሲያልቅ፣ እሳቸው በዚህችው ጎጆ መነኵሲት ነበሩ፤ ጠጉራቸው እንደ ባዘቶ ነጭ ነበር፤ የተራቡ ልጆች ነጭ ጠጉራቸውን አይተው «ጥጥ ነው፣ ይበላል?» ይሏቸው ነበር። ይህን ሲሉ አነቡ። እኔም አነባሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የጎረቤት ሴቶች ለምለም ቤት ተሰበሰቡ። የመነኵሲቷን ነገር ሲያወሩ አይጠግቡም። ሦስተኛ ጥርስ አብቅለዋል አለች አንዷ። ሌላዋ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገረችኝ፤ መነኵሲቷ ሲመነኩሱ ተዝካራቸውን በቁማቸው አውጥተዋል። ይህ በእኛም አገር አለ፤ ዘመድ ያላመነ ሰው ሳይሞት ድግሱን ደግሶ፣ ካህናቱን አብልቶ ይገላገላል። «አያቴ በልታለች» አለች ሴትዮዋ፤ «ኣደይ ራሳቸው ስዋውን እየቀዱ፣ ‹ለነፍሴ ጠጡ› እያሉ። የሞተ ሰው ሲያስተናግድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ስዋ የእነሱ ጠላ ነው፤ ከእኛ ወፈር ይላል።

«መቼ ነው ይህ?» አልኩ።

«አያቴ ልጃገረድ ሳለች!»

ሴትዮዋ ራሷ አያት ናት።

ሰኞ

ሰኞ ገበያቸው ነው። ከሰይድ ጋር የጨው አሞሌ ሲደረደር ሳይ በቡልጋ እናቴ በትንሽ ቁራጭ ጨው ስታብቃቃ ትዝ አለኝና እዚህ እንደ ድንጋይ ግድግዳ ተክበው ሳያቸው ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። በንጉሡ ግቢ በር ስናልፍ መነኵሲቷ የነገሩኝን ለሰይድ አወራሁት። ቆመ።

«እትዬ፣ ይህን ግቢ ሲሠሩ አያቴ በቅሎ አከራይቶ ነበር። ግቢው አልቆ ብዙም ሳይቆይ ነው ክፉ ቀን የገባው፤ በቅሎዎቹ ያኔ ነው ያለቁበት።»

«እና?»

«እናማ በግቢው ጊዜ ነፍሰ ጡር፣ በክፉ ቀን ሽበታም? እኔ ያየሁት ሽበት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ወይ አንዲት ሴት አይደሉም፣ ወይ የመቐለ ውኃ ሌላ ነው።»

እሱ ቀልዶ አለፈ፤ እኔ ግን ጨዉን ትቼ ወደ ለምለም ሮጥኩ። አንዲት እናት፣ አንዲት ልጅ፤ ሁለት መነኵሲት በአንዲት ጎጆ! የኪሮስ አባት ያወራላት ሴት! እናቲቱ ብትኖር ሰባት ቤት ሞላ ማለት ነው። ለምለም ገብስ እያበጠረች ነበር። ነገሩን ብነግራት ሰፌዱን አስቀመጠችው።

«ሓፍተይ፣ ዳዊት ትደግሚያለሽ አይደል?»

«እደግማለሁ።»

«ኦሪትንስ ሰምተሻል? ሣራ ሸብታ አልወለደችም?»

ምን ልበል? ወልዳለች። የሣራን ማሕፀን የከፈተ አምላክ የመቐለን መነኵሲት አይችልም ልበል? ለምለምም አዘነችልኝና «ልጆቹ ያሳዝኑኛል፤ ግን ኣደይን ለሁለት ቆርጬ ላግባቸው?» አለች። ያን ቀን ከእሷ ጋር ገብሱን ሳበጥር ዋልኩ።

ማክሰኞ

ልሰናበት ሄድኩ። ለምለም አብራኝ ናት። እማሆይ ቤት ስንገባ አኩርፈዋል።

«ምን ሆኑ፣ ኣደይ?»

«ሳልበላ ልሞት ነው።»

«ጧት ገንፎ በልተዋል እኮ!»

«የገንፎ ነገር ማን አነሣ! ተዝካሬን ነው የምልሽ። ተዝካሬ ሳይወጣልኝ ልሞት ነው። አንቺ ለሰው ሁሉ ዕድሜዬን ታወሪያለሽ፤ ለነፍሴ ግን እፍኝ ብቅል አልነከርሽም።»

ለምለም ሳቀች፤ የሚሳሳት ሕፃን እንደምታርም ቀርባ «ኣደይ፣ ረሱት? እርስዎ እኮ በቁምዎ አውጥተዋል፤ ስዋውን በእጅዎ ቀድተው!» አለቻቸው።

«ያ የእናቴ ነው» አሉ እማሆይ።

ጎጆዋ ውስጥ የነበረው ሁሉ የቆመ መሰለኝ።

«የእናቴ ነው። እኔ ነኝ ውኃውን የቀዳሁ፣ ጌሾውን የወቀጥኩ። በልታ፣ አብልታ፣ ደስ ብሏት ስንት ዘመን ኖረች። ስትሞት ታዲያ ማን ያልቅስ? ተዝካሯ ወጥቷል። ካህኑ ፈታት፣ ቀበርናት፣ እኔ እዚህ ተቀመጥኩ። ምንም አልተበላም፤ ሰውም አላወቀ።»

እህቶቼ፣ እስቲ አስቡት። ድግስ የሌለበት ሞት ነበር። አርባም ሰማንያም አልተደገሰም፤ ሰው ሊጠራ፣ ሊሰማ የሚችልበት ቀን አልነበረም። በማግስቱ ጎጆዋን የተሳለመ ሰው ያው ቆብ፣ ያው ነጠላ፣ ያው መነኵሲት አገኘ።

እኔ ወደ መደቡ ጠጋ ብዬ «እማሆይ፣ እንግዲያ አያ ወልዱ ለእርስዎ ምንዎ ነው?» አልኩ።

«አያቴ። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ‹አባዬ› ነው የምለው።»

ግዝቱ እንደተነሣለት ሰው እፎይ ልል ስል ከኲሓ የመጡ ሁለት ሴቶች ጧፍ ይዘው ገቡ። ተንበረከኩ፣ «ኣደይ፣ ዕድሜዎን ያካፍሉን» አሉ። እማሆይም በዚያው ድምፅ፣ በዚያው መደብ ላይ፣ «እኔማ ተዝካሬን በቁሜ በልቻለሁ፤ ስዋውን የቀዳሁት በዚህ እጄ ነው» ብለው ለስላሳ እጃቸውን አሳዩአቸው። ሴቶቹ እጁን እየሳሙ አለቀሱ። ለምለም እኔን አየች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ረቡዕ፣ የመመለሻው ቀን

ካሚዮኑ በማለዳ ይነሣል። ስሰናበት ለምለም ግቢ ውስጥ ትልቅ ጋን አውርዳ፣ ያበጠርነውን ገብስ በገበቴ እየነከረች ናት።

«ይህ ሁሉ ብቅል ለምንድን ነው?»

«ለተዝካር።»

«የየትኛዋ?»

እጇን ከውኃው ሳታወጣ ቀና አለች። «ሓፍተይ፣ አንቺ ሰባት ፈልገሽ መጣሽ። እኔ መቶ ሠላሳ ነበረኝ። ተዝካር ከደገስኩ ከተማው ሁሉ ‹የፊተኛው የማን ነበር?› ማለቱ አይቀርም። ያው ገብሱን ነክሬዋለሁ፤ ከእንግዲህ አትጠይቂኝ» አለች። ከዚያ በእርጥብ እጇ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ጀርባዬ እስከ ኲሓ ድረስ አልደረቀም። ለመንገዴም ነጭ ማር በቅል አድርጋ ሰጠችኝ።

የመመለሻው መንገድ ያው ነው፤ ከሾፌሩ ጎን ከመቀመጤ በቀር። ደሴ ስገባ አስካለ በር ላይ ናት፤ ፊቴን ታነባለች። «እኔ እንጃ፣ ልጄ» አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

ለአባ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የቅዳሜውን፣ የማክሰኞውን ጧት፣ ሴቶቹ ከገቡ በኋላ የተባለውንም። «ገብሱ በእርግጥ ተነክሯል?» አሉኝ። «በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። «ሰው ተዝካሩን ሁለት ጊዜ አያወጣም። ሰባት ነው» አሉ። በጥር ልጆቹ በተክሊል ተጋቡ፤ ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ባለቤቴ አለቀሰ፤ ኪሮስ ከደስታው ብዛት መስቀሉን ሊሳለም ሲል የዲያቆኑን እጅ ሳመ።

ከሠርጉ በኋላ ሰይድ ከመቐለ መጣ። የመነኵሲቷ ተዝካር በሰላም ወጥቷል፤ እማሆይ በድግሱ ራስጌ ተቀምጠው በልተዋል። ታዲያ ለምለም «ኣደይ፣ ደስ አለዎት?» ብትላቸው፣ ቀምሰው፣ «ደግ ነው። የፊተኛው ግን ይበልጥ ነበር፤ ያኔ ያረድኩት ሁለት በሬ ነው» አሉ አለኝ። ሰይድ ይህን ሲነግረኝ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔ ነጠላዬን አንሥቼ አባ ዘንድ ሮጥኩ።

አባ ሰምተው አልተቆጡም። «አንቺ የሰማሽውን አመጣሽ፤ እኔ የሰማሁትን ቆጠርኩ። ልጆቹ ቆርበዋል። የቀረውን የፈጠራት ይወቅ» አሉኝ።

ይኸው አስካለ አሁን ደኅና ናት፤ ወጧም በልክ ይጣፍጣል። እኔ ግን ጧት ጧት ጸሎቴን ስጨርስ ለዚያች ጎጆ እናት ነፍስ ይማር እላለሁ። ስሟን አላውቀውም፤ ትኑር አትኑር አላውቅም። ካልነበረችም እግዚአብሔር ጸሎቱን ለማይጸለይላት ለሌላ ሴት ያደርገዋል ብዬ ነው። እናንተም ጽዋውን ስታነሡ ጨምራችሁ በሉልኝ።